ሌኒን የት ገባ? አኒማል ፋርም፣ የሩሲያ አብዮትና የእኛው 1966

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህር የላኩልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከተማሪዎቼ ጋር የጆርጅ ኦርዌልን አኒማል ፋርም እያነበብን ነው። አጋዥ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ይሰጣሉ። ሚስተር ጆንስ ዛር ኒኮላስ፣ ኦልድ ሜጀር ማርክስ፣ ናፖሊዮን ስታሊን፣ ስኖውቦል ትሮትስኪ ናቸው ይላሉ። አንዲት ተማሪ ‹ታዲያ ሌኒን የት ገባ?› ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ሌሎቹ ደግሞ ‹ይህ እኮ የእኛው የ66ቱ አብዮት ነው› ብለው ይከራከራሉ። ሰንጠረዡን ምን ያህል ልመነው? የእኛስ አብዮት በዚህ መጽሐፍ ሊነበብ ይችላል?»

የተከበሩ መምህር፣ ከተማሪዋ ልጀምር። ሰንጠረዡ ያሉትን ስሞች ይቆጥራል፤ እሷ ግን የጎደለውን አየች፤ ይህ የጥሩ አንባቢ ምልክት ነው። ፖለቲካዊ ተምሳሌቶችን ሳስተምር የያዝኩት አቋም አለ፦ ልቦለዱ ከታሪክ ጋር የገጠመበት ቦታ ደራሲው የትኛውን ታሪክ በእጁ እንደያዘ ያሳውቀናል፤ ሳይገጥም የቀረበት ቦታ ግን በዚያ ታሪክ ላይ ምን እንደፈረደ ያሳውቀናል። ስለዚህ መልሴ ወደ ክፍተቶቹ ያዘነብላል።

የገጠመውን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ ነውና። ታሪኩን ላላነበበ፦ የእርሻ እንስሳት ባለቤታቸውን ሚስተር ጆንስን አባረው በአሳማዎች መሪነት ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፤ ቆይቶ አሳማው ናፖሊዮን ተቀናቃኙን አሳማ ስኖውቦልን አባሮ ብቻውን ይገዛል። (የውጭ አገር ዓመታትን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ በዓመተ ምሕረት እጠቅሳለሁ።) ኦርዌል መጽሐፉን የጻፈው ከኖቬምበር 1943 እስከ ፌብሩዋሪ 1944 ባሉት ጥቂት ወራት ነው፤ የታተመው በኦገስት 1945 ነው። አመፁ የሚነሣው ጆንስ ሰክሮ እንስሳቱን ሳያበላ ስለዋለ ነው፤ የ1917ቱ የፔትሮግራድ አመፅም የተቀጣጠለው ዳቦ ፍለጋ አደባባይ በወጡ ሴቶች ነበር። ጆንስ እርሻውን ሊያስመልስ የሞከረበት የበረቱ ጦርነት የእርስ በርስ ጦርነቱና የውጭ መንግሥታት ጣልቃ ገብነት ነው። የስኖውቦል መባረር በ1929 ከሶቪየት ኅብረት የተባረረው የትሮትስኪ ዕጣ ነው። ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን ከቆጥ ላይ እየጣሉ መስበራቸው በግዳጅ የጋራ እርሻ ዘመን ከብቱን ለመንግሥት ከሚሰጥ አርዶ መብላት የመረጠውን ገበሬ ያስታውሳል። ባዶ ጎተራ በአሸዋ ተሞልቶ፣ ከላይ እህል ተነስንሶበት ለእንግዳው ለዊምፐር የሚታይበት ትዕይንት ከ1932 እስከ 1933 የነበረው ረሃብና ረሃቡን «የለም» ብለው የጻፉት የውጭ ጋዜጠኞች ታሪክ ነው። ከእነዚህም የኒውዮርክ ታይምሱ ዋልተር ዱራንቲ ዋነኛው ነው። «ከስኖውቦል ጋር ተመሳጥረናል» ብለው እየተናዘዙ የሚታረዱት እንስሳት ከ1936 እስከ 1938 በሞስኮ ፍርድ ቤት የቆሙት የቀድሞ የአብዮቱ መሪዎች እነ ዚኖቪየቭ፣ ካሜኔቭና ቡካሪን ናቸው። ለጎረቤቱ ገበሬ ለፍሬድሪክ የተሸጠው ግንድና በምላሹ የተገኘው ሐሰተኛ የብር ኖት የኦገስት 1939ኙ የናዚና የሶቪየት ውል ነው፤ እንስሳቱ የገነቡት የንፋስ ወፍጮ መፈንዳት ደግሞ በጁን 1941 የመጣው የጀርመን ወረራ ነው። ቁራው ሞዘስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ስለ ሰማያዊው የስኳር ተራራ ሲሰብክ አሳማዎቹ ዝም የሚሉት፣ ስታሊን በ1943 ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለታረቀ ነው።

ሰንጠረዡ የሚያሳስተው ይህን ያህል ስለገጠመ ነው። አንባቢው ሁሉም ነገር አቻ አለው ብሎ ያምናል፤ አቻ ያጣውን ደግሞ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ሌኒን። ኦልድ ሜጀር የማርክስን ሐሳብ ተናግሮ ከአመፁ በፊት ይሞታል። ከሞተ በኋላ ግን የራስ ቅሉ ከመቃብር ወጥቶ በግንድ ላይ ይቀመጣል፤ እንስሳቱም በየሳምንቱ በፊቱ በአክብሮት ተሰልፈው ያልፋሉ። ይህ ማርክስ አይደለም፤ ከ1924 ጀምሮ በቀይ አደባባይ በሬሳው ፊት ሕዝብ የሚሰለፍለት ሌኒን ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የሌኒን ሬሳ አለ፤ ሕያው ሌኒን ግን የለም። ከ1917 እስከ 1924 አገር የመራው ሰው ተሰውሯል። የተሰወሩትም ዓመታት ቀላል አይደሉም። የምስጢር ፖሊሱ ቼካ የተቋቋመው በዲሴምበር 1917 ነው። በምርጫ የመጣው ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ አንድ ቀን ብቻ ተሰብስቦ የተበተነው በጃንዋሪ 1918 ነው። ተቃዋሚ ፓርቲዎችና ጋዜጦቻቸው የተዘጉት በእነዚያው ዓመታት ነው። ስታሊን ገና ዋና ሰው አልነበረም።

ከዚህ ተነሥተው ኦርዌል ሌኒንን ሊከላከልለት ፈልጓል የሚሉ አሉ። በእነሱ አነባበብ መጽሐፉ «አብዮቱ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ክፉ አሳማ ሰረቀው» ይላል። አልስማማም፤ ምክንያቴም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ተማሪዎችዎን ወደ ወተቱና ወደ ፖሙ ይመልሷቸው። አመፁ በተሳካ ማግሥት ላሞቹ ይታለባሉ፤ ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ቆይቶ ወተቱም ከዛፍ የወደቀው ፖምም ለአሳማዎች ብቻ እንደሚሆን ይነገራል። በዚህ ጉዳይ አሳማዎች በሙሉ ተስማምተዋል፤ በሌላ ነገር ሁሉ የማይግባቡት ስኖውቦልና ናፖሊዮን እንኳ በዚህ አንድ ናቸው። በኋላ የናፖሊዮን ኃይል የሚሆኑት ውሾች ገና ቡችሎች ናቸው፤ ማንም አልተባረረም፤ ማንም አልታረደም። ኦርዌል በ1946 መጨረሻ ለአሜሪካዊው ሐያሲ ለድዋይት ማክዶናልድ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ቦታ መሆኑን ገልጾ በቅንፍ አንድ ስም አስቀምጧል፦ ክሮንስታት።

ክሮንስታት ለአብዛኛው ተማሪ እንግዳ ስም ስለሆነ በክፍል ውስጥ ሊያብራሩት ይገባል። በፔትሮግራድ አቅራቢያ ያለ የባሕር ኃይል ምሽግ ነው፤ መርከበኞቹ በ1917 የአብዮቱ ኩራት ነበሩ። በማርች 1921 እነዚሁ መርከበኞች ሶቪየቶች (የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤቶች) በነጻ እንዲመረጡ፣ ሠራተኛውና ገበሬው የመናገር ነጻነት እንዲኖረው፣ የታሰሩ ሶሻሊስቶች እንዲፈቱ ጠየቁ። መልሱ ጦር ነበር። ቀይ ጦር በረዶ በሆነው ባሕር ላይ ተሻግሮ ምሽጉን ያዘ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሥልጣን ላይ የነበረው ሌኒን ነው፤ የጦር ኮሚሳሩም ትሮትስኪ፣ ማለትም ስኖውቦል ነበር።

እንግዲህ ለተማሪዋ የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ሌኒን በአንድ ገጸ ባሕርይ ውስጥ አልተቀመጠም፤ «አሳማዎቹ» በሚለው የወል ስም ውስጥ ተበትኗል። ኦርዌል ስንጥቁ የጀመረው ከስታሊን በፊት መሆኑን ተናግሯል፤ የተናገረው ግን የሰው ስም ጠርቶ ሳይሆን ወተት ደብቆ ነው። ለማክዶናልድም ያለው ይህንኑ ነው፤ ሌሎቹ እንስሳት ያን ጊዜ እምቢ የማለት ልብ ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ደህና ይሆን ነበር። ጥፋቱን የሚያየው በአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ማንም በማይቆጣጠረው ሥልጣን ላይ ነው። የፌበር አሳታሚ ድርጅት ዳይሬክተር የነበረው ታላቁ ገጣሚ ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1944 መጽሐፉን አላትምም ሲል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አሳማዎቹ ከሁሉ ብልሆች ስለሆኑ እርሻውን ሊመሩ የሚገባቸው እነሱ ናቸው፤ የሚያስፈልገው ለሕዝብ የሚቆረቆሩ አሳማዎች መብዛት ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ታላቅ አንባቢ እንኳ የወተቱን ገጽ ዘልሎታል። በዚያ ገጽ ላይ ለሕዝብ የሚቆረቆረው ስኖውቦልም ድርሻውን ወስዷል።

ኦርዌልን ስከላከል ግን ያጣውንም መናገር አለብኝ። በወተቱ ቦታ ማንም አልተነሣም፤ በእውነተኛው ክሮንስታት ግን ሰዎች ተነሥተው ሞተዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም የፔትሮግራድ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። «የበለጠ እሠራለሁ» እያለ እስከ ሞት የሚታዘዘው ፈረስ ቦክሰር ልብ ይሰብራል፤ የሩሲያ ሠራተኛ ግን ሁልጊዜ ቦክሰር አልነበረም። ሌላም ጉድለት አለ። በእርሻው ላይ አንድ አመፅ ብቻ ነው ያለው፤ በሩሲያ ግን ሁለት ነበሩ። ዛሩ የወረደው በፌብሩዋሪው ነው፤ የሌኒን ፓርቲ የሆኑት ቦልሼቪኮች ሥልጣን የያዙት በኦክቶበሩ ነው። በመካከሉ የነበሩት ስምንት ወራት፣ ጊዜያዊው መንግሥት፣ ክርክሩ፣ ምርጫው በመጽሐፉ የሉም። ስለዚህ «ሌላ መንገድ ይኖር ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእርሻው ላይ ሊነሣ አይችልም። ታሪክ የሚማር ልጅ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፉ ውጭ ካላገኘው አያገኘውም።

ደራሲው ለእውነት ምን ያህል ይጠነቀቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በማርች 1945 መጽሐፉ ለኅትመት ተዘጋጅቶ ሳለ ኦርዌል ከፓሪስ ለአሳታሚው ጻፈ። ወፍጮው በሚፈነዳበት ትዕይንት «ናፖሊዮንን ጨምሮ እንስሳቱ ሁሉ በግንባራቸው ተደፉ» የሚለው «ከናፖሊዮን በቀር» ተብሎ እንዲታረም ጠየቀ። ምክንያቱም የጀርመን ጦር ሲገሰግስ ስታሊን ሞስኮን ጥሎ አልሸሸም ነበር። የሚጠላውን ሰው ያላደረገውን ፍርሃት ላለማሸከም ብሎ አንድ ቃል አስለወጠ። ለእኔ ይህች እርማት ተምሳሌት ለመጻፍ ለሚፈልግ ወጣት ሁሉ ከመማሪያ መጽሐፍ ትበልጣለች።

መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነበባል። አሳማዎችና ሰዎች አብረው ሲበሉና ካርታ ሲጫወቱ፣ እንስሳቱም በመስኮት እያዩ ፊታቸውን መለየት ሲያቅታቸው፣ ብዙ ሰው ሁለቱ ወገኖች ለዘለቄታው ታረቁ ብሎ ይዘጋዋል። ኦርዌል በ1947 ለዩክሬንኛው ትርጉም በጻፈው መቅድም ይህን ራሱ አርሟል። ትዕይንቱ የቴህራን ጉባኤ ነው፤ ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ስታሊን በ1943 መጨረሻ የተገናኙበት። ያን ጊዜ ሁሉም «ወዳጅነቱ ጸና» ሲል እሱ አላመነም። ስለዚህ ናፖሊዮንና ሌላው ጎረቤት ገበሬ ፒልኪንግተን እኩል አንድ ዓይነት ካርታ ጥለው ጠብ ይነሣል። በ1954 የወጣውን የካርቱን ፊልም ተማሪዎችዎ አይተው ከሆነ ያስጠንቅቋቸው። ፊልሙ በምስጢር በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በሲአይኤ ገንዘብ የተደገፈ ሲሆን፣ መጨረሻው ተለውጦ እንስሳቱ እንደገና ተነሥተው አሳማዎቹን ያጠፋሉ። የሰዎቹና የአሳማዎቹ ማዕድም ቀርቷል፤ በእሱ የምዕራቡ ድርሻ አብሮ ቀረ።

የእኛን አብዮት በተመለከተ ተማሪዎችዎ በግማሽ ትክክል ናቸው። የሚመሳሰለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ያመፁት በምግብና በመጠጥ ውኃ ምሬት ነው፤ ማርክስን አንብበው አይደለም። በየካቲት መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙም ከፊት የመራቸው ፓርቲ አልነበረም። «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» የተባለለት ለውጥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። «ማንም እንስሳ ሌላውን እንስሳ አይገድልም» የሚለው ትእዛዝ ጫፉ ላይ «ያለ ምክንያት» ተጨምሮበት ስናነብ ያን ሌሊት የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ጓዶቻቸው ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገደሉ፤ በዓመቱ ውስጥ ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተከተሉ። በአሸዋ የተሞላው ጎተራም አለ፦ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ በድምቀት ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ነገር ግን እዚሁ ላይ ምስያው ይሰናከላል፤ ከአብዮቱ በፊት የነበረውን የወሎን ረሃብ አስቀድሞ የደበቀው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። በመጽሐፉ ረሃብ መደበቅ የናፖሊዮን ሥራ ነው፤ በእኛ አገር ግን ናፖሊዮን ከጆንስ የወረሰው ነው።

ትልቁ ልዩነት ደግሞ ውሾቹ ናቸው። በመጽሐፉ አስቀድመው ትምህርት ያላቸው አሳማዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ አንዱ ቡችሎችን ሰርቆ በጣሪያ ሥር አሳድጎ ኃይል ያበጃል። በኢትዮጵያ ተገላቢጦሽ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ስብስብ ነበር። መሣሪያው በእጁ ነበር፤ ርዕዮተ ዓለሙ ገና አልነበረም። «ኅብረተሰባዊነት» በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው ምሁራኑ በየፖለቲካ ድርጅታቸው ሊያስተምሩት የተጠጉት፦ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአት፤ ሰደድ ደግሞ የራሱ የደርጉ ክንፍ ሆነ። ጥርስ ያላቸው ቀድመው ሥልጣን ያዙ፤ ቃል ያላቸውን ቀጥረው ተማሩባቸው፤ ከዚያ በየተራ አጠፏቸው። መኢሶን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ኅቡእ የገባው ለዚህ ነው። «በእኛ አብዮት ናፖሊዮን ማን ነው?» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ይህን አያየውም፤ ማየት ያለበት ግን ይህንኑ ነው።

ሌላው የጎደለው ወጣቱ ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪ ትውልድ በእርሻው ላይ አቻ የለውም። ለተቃውሞ ድምፃቸውን ያሰሙ አራት ወጣት አሳማዎች አሉ፤ ቆይተው ተናዝዘው ይታረዳሉ። ስም እንኳ አልተሰጣቸውም። ቀይ ሽብርን በዚህ መጽሐፍ አነባለሁ የሚል ሰው ከእነዚያ አራት ስም የለሽ አሳማዎች የተረፈውን ሁሉ ከሌላ ምንጭ ማምጣት አለበት።

«አሳማና ሰው አንድ ሆኑ፤ ምንም አልተለወጠም» የሚለውንም መደምደሚያ ሳይመረምሩ ወደ እኛ እንዳያመጡት አደራ እላለሁ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አፍርሷል። ከምርቱ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ለባለ መሬት ሲገብር ለኖረ የደቡብ ጭሰኛ ይህ ባዶ ቃል አልነበረም። በኋላ የኮታ ግዢ፣ የግዳጅ ሰፈራና ማለቂያ የሌለው የጦር ምልመላ መጥተው ያን ደስታ በልተውታል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ኦርዌል ለእንስሳቱ ከመጀመሪያው መኸር ደስታ በቀር ብዙ አልተወላቸውም፤ ታሪክ ግን ከዚያ ይበልጥ የተደባለቀ ነው።

አንድ የአነባበብ ጣጣም አለብን። በአብዛኛው የአገራችን ቤት፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ፣ አሳማ የማይበላ፣ የሚጸየፉት እንስሳ ነው። የኦርዌል እንግሊዛዊ አንባቢ አሳማን የሚያውቀው ብልህ የእርሻ ከብት አድርጎ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያምነዋል፤ ክህደቱም ቀስ ብሎ ይደርስበታል። የእኛ ተማሪ ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ጠርጥሯል። ሦስቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች ሲያስነብቡ ይህን አስቀድመው ያንሡት፤ አሳማዎቹን ያላመነ ሰው በመጽሐፉ ሊከዳ አይችልም።

በእንስሳት አንደበት መንግሥትን መንካት ለእኛም አዲስ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በጦር ትምህርት ቤት የተማሩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ከኦርዌል ብዙ ዓመት ቀድመው ጽፈዋል። በአውሬዎቹ ውስጥ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት ስላሳዩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አቤ ጉበኛም በ1955 ዓ.ም. በወጣው «አልወለድም» እንዲህ ባለ አገር አልወለድም ብሎ ከማሕፀን ሆኖ የሚሟገት ሕፃን ፈጠረ፤ ያም መጽሐፍ ታገደ። ለተማሪዎችዎ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። ተክለ ሐዋርያት የፈለጉት ቤተ መንግሥቱ እንዲታረም ነው፤ አብዮት አልጠሩም። አውሬዎቹም ለጸሐፊው ጋሻ ነበሩ። ኦርዌል ግን ጋሻ አላስፈለገውም፤ ናፖሊዮን ማን እንደሆነ በ1945 ለንደን ውስጥ ያልገባው አልነበረም። አሳታሚዎቹ ጎላንዝ፣ ጆናታን ኬፕና ፌበር መጽሐፉን የመለሱት ተሸፍኖባቸው ሳይሆን ሶቪየት ኅብረት ያን ጊዜ የጦር አጋር ስለነበረች ነው። እሱ እንስሳትን የመረጠው ነገሩ ለልጅ እንኳ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ስለ ሰንጠረዡ ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ አይጣሉት፤ ግን በመጨረሻ ይስጡት። ከሁሉ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ ብቻ አስነብበው ወተቱ ማን ዘንድ እንደ ሄደ፣ ማን እንደ ጠየቀ፣ ማን ዝም እንዳለ ያጽፏቸው። ከዚያ ስለ 1921 አንድ ክፍለ ጊዜ ይውሰዱ። ሰንጠረዡን ሲያድሉ የሌኒንን ረድፍ ባዶ ይተዉላቸውና ሦስተኛ ዓምድ ይጨምሩ፦ «መጽሐፉ እዚህ ላይ ከታሪኩ የተለየው በምንድን ነው?» የ66ቱን አብዮት ማንበብ የሚፈልጉት ተማሪዎች ይህንኑ ዓምድ በእኛ ታሪክ ይሙሉት፤ ውሾቹ ከአሳማዎቹ በፊት ሥልጣን የያዙበትን አገር ኦርዌል ቢጽፈው የመጀመሪያው ምዕራፍ በማን ንግግር ይጀምር ነበር ብለው ይጠይቋቸው። ያቺ ተማሪ ደግሞ የሌኒንን ረድፍ በራሷ ቃል ትሙላው፤ የጻፈችውን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።